አሥራ አንደኛዋ ደቂቃ

ባለፈው ወር ሞጆ ደረቅ ወደብ ባለው መሥሪያ ቤታችን አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ተከፍቶ ሲጸዳ በአጠገቡ ላልፍ ስል ከውስጡ የወጣው ሽታ አቆመኝ። የጋለ አቧራ ሽታ ነው። ትንሽ የተለበለበ ፕላስቲክ አለበት፣ ትንሽ ደግሞ ፀሐይ የመታው አፈር። ባለሙያው "ምነው፣ የጠፋብህ ነገር አለ?" ብሎ እስኪጠይቀኝ ድረስ ሐሳቤ እዚያ አልነበረም። ናዝሬት፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ካለው ቤታችን በረንዳ ላይ ነበርኩ፤ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሆኜ፣ አባቴ አጠገብ ተንበርክኬ። ዛሬ ከተማዋን አዳማ እንላታለን፤ በእኛ ቤት ግን ያኔ ስሟ ናዝሬት ነበር።

አባቴ ፊልም አጫዋች ነበር። በከተማችን በነበረ አንድ ፊልም ቤት፣ ከተመልካቹ ጀርባ ከፍ ብላ በተሠራች ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ከሃያ ዓመት በላይ የፊልም ጥቅል እየቀያየረ ኖሯል። ትንሽ ልጅ ሳለሁ አንድ ሁለት ጊዜ ይዞኝ ገብቷል። ክፍሏ እንደ ዳቦ ቤት ትሞቃለች፤ ማሽኑ ያጉረመርማል፤ ብርሃኑ በግድግዳው ላይ ባለች አራት ማዕዘን ቀዳዳ ይወጣል። እኔ በቀዳዳዋ አጮልቄ የፊልሙን ጠብ እከታተላለሁ። አባቴ ግን ታሪኩን አያይም ነበር። የሚያየው ምስሉን ነው፦ ጠርዙ ደብዝዞ እንደሆነ፣ ብርሃኑ ወደ ቢጫ ሄዶ እንደሆነ፣ ይንቀጠቀጥ እንደሆነ። አንድ ጊዜ ዋናው ሰውዬ በመጨረሻ ሞተ ወይስ ተረፈ ብዬ ብጠይቀው "እኔ እንጃ" አለኝ። ያንን ፊልም በዚያ ሳምንት ብቻ አሥር ጊዜ አጫውቶታል።

ከዚያ ቪዲዮ ቤቶች በየመንደሩ ተከፈቱ፣ ዲሽ መጣ፣ ፊልም ቤቱም ሰው እየሳሳበት ሄዶ አንድ ቀን ተዘጋ። አባቴ ቤት ዋለ። እናቴ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ነበረችና ጠዋት እሷ ስትወጣ እሱ ግቢያችን ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ወንበር አውጥቶ ይቀመጣል። የተሰበረ ሶኬት ይጠግናል፣ የጎረቤት ካውያ ያያል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ዝም ብሎ መንገዱን ነበር የሚያየው። የሰፈር ልጆች "መብራት አጥፊው" ይሉታል፤ ፊልም ሲጀመር የአዳራሹን መብራት የሚያጠፋው እሱ ስለነበረ። በፊቱ አይሉትም፣ የሚሉት ለእኔ ነው። አንድ ቀን እንኳ ስለ እሱ ከማንም ጋር አልተጣላሁም። እውነቱን ለመናገር፣ አፍሬበት ነበር።

ኮምፒውተሩን ያመጣችልን የእናቴ ታላቅ እህት አስቴር ናት። ወንጂ ውስጥ በአንድ ቢሮ ጸሐፊ ነበረች። ቢሮው ያረጁ ዕቃዎቹን በጨረታ ሲያስወግድ አንዱን ገዝታ፣ ከመናኸሪያ እኛ ቤት ድረስ በጋሪ ጭና መጣች። ነጭ የነበረው ቀለሙ እንደ ቅቤ ቢጫ ሆኗል፤ ስክሪኑ ሆዱን ወደ ኋላ የገፋ፣ ሁለት ሰው የሚሸከመው ነበር። እናቴ ወዲያው ዳንቴል አለበሰችው። አክስቴ "ይማርበት" አለች፣ እኔም አንገቴን ደፍቼ "እሺ" አልኩ፤ የልቤን ግን እኔ ነኝ የማውቀው።

የክፍል ጓደኛዬ ከማል የኳስ ጌም ሲዲ ነበረው፣ ኮምፒውተር ግን አልነበረውም። በዚያ ዘመን ያደጋችሁ ታስታውሱታላችሁ፤ ጌም ለመጫወት ጌም ቤት ወረፋ ይዞ፣ ትልልቆቹ ልጆች እስኪጠግቡ ግድግዳ ተደግፎ መቆም ነበረብን። ቤት ውስጥ፣ በራስ ወንበር ላይ፣ ማንም "ተነስ" ሳይል መጫወት ማለት ለእኛ ሌላ ዓለም ነበር። ከከማል የተዋስኩትን ሲዲ ገና ሳልሞክረው ለግማሹ ክፍል ቅዳሜ እኛ ቤት ኑ ብዬ ተናገርኩ።

ሰኞ ሲዲውን ስከተው ጌሙ አልከፈት አለ። ስክሪኑ ለአንድ አፍታ ይጨልምና ግራጫ ሳጥን ውስጥ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ይመጣል። ጽሑፉን ፊደል በፊደል ደብተሬ ጀርባ ላይ ገልብጬ፣ ፖስታ ቤት አካባቢ ኮምፒውተር ቤት ለነበረው ለሙሉጌታ አሳየሁት። ሙሉጌታ የሰፈራችን ሰው ነው፣ ሰው አክባሪ። ድራይቨር የሚባለው ነገር ጎድሎ ነው፣ ምስል የሚሠራው ካርድና ኮምፒውተሩ የሚግባቡት በእሱ ነው ብሎ አስረዳኝና በሲዲ ገልብጦ ሰጠኝ። ለእናቴ ድራይቨር ጎድሎት ነው ብላት "ሹፌር ደግሞ ለምኑ ነው?" አለች።

ድራይቨሩን ጫንኩት፣ ጌሙም ተከፈተ። ሣሩ አረንጓዴ፣ መለያው ቀይና ነጭ፣ ተመልካቹ የሚጮህ። ደስታዬን እንዴት ልንገራችሁ። ግን ብዙ አልቆየም። ጥቂት እንደተጫወትኩ የአንዱ ተጫዋች ፊት ወደ አራት ማዕዘን ነጠብጣብ ተለወጠ። ከዚያ ሣሩ ላይ ሐምራዊ መስመሮች ወጡ፣ መሬቱ እንደ ተቀደደ ጨርቅ ተተረተረ፣ በመጨረሻም ሁሉም ነገር ባለበት ቀጥ አለ። አጥፍቼ ባበራው ያው ነው። በማግስቱ ሙሉጌታ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቤት ድረስ መጥቶ አየልኝ። ራሱን ነቀነቀ። "ካርዱ ሞቷል" አለ፣ "እንዲህ ዓይነቱ ደግሞ እዚህ አይገኝም፣ ካገኛችሁም አዲስ አበባ ነው። ለጽሕፈት ግን ይሠራል።"

ወሬው በዚያው ቀን በስልክ አክስቴ ጋ ደረሰ። ለጽሕፈት ብቻ ከሆነማ መተሐራ ያለችው የአጎቴ ልጅ የጽሕፈት ትምህርት ጀምራለችና ለእሷ ይሁን አለች፤ እሁድ መጥታ ልትወስደው ተቀጠረ። አልተቆጣችም፣ ነገሩም ልክ ነበር። እኔ ግን ከኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጬ፣ ቅዳሜ የሚመጡትን ልጆች እያሰብኩ፣ እንባዬን ዋጥ አደረግሁ።

አባቴ በዚያን ሰዓት ከኒሙ ሥር ተነስቶ ገባ። ከኋላዬ ቆሞ የተተረተረውን ምስል ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ከፍተን ብናየውስ አለኝ። ስሜቴን ማውረጃ ፈልጌ ነበር መሰለኝ፣ ዞር እንኳ ሳልል መለስኩለት።

"አባዬ፣ ይሄ እኮ የሲኒማ ማሽን አይደለም። አንተ አታውቀውም፣ ተወው።"

ጫማው ሲሚንቶው ላይ እየተሰማኝ ተመልሶ ወጣ። እናቴ ከጓዳ ሆና ሰምታ ነበር። እሷም አልተናገረችኝም፤ ቢናገሩኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ረቡዕ ከትምህርት ቤት ስመለስ አባቴን ኮምፒውተሩ ፊት አገኘሁት። ዳንቴሉ ተጣጥፎ አልጋ ላይ ተቀምጧል። የእጅ ሰዓቱን ፈትቶ ከኪቦርዱ አጠገብ አስቀምጦታል፤ ከሰዓቱ ጎን ወረቀትና እርሳስ አለ። ስለ ትናንቱ ነገር ምንም ሳያነሳ እንድጫወት ጠየቀኝ። እኔም ማፈሬን ለመደበቅ ቶሎ ተቀመጥኩ። ስጫወት ጎል ገባ፣ አልገባ፣ ግድ አልነበረውም። ወንበሩን ወደ ጎን አድርጎ ስክሪኑን በአግድም ያየው ነበር። ምስሉ ሲበላሽ ሰዓቱን አየና ጻፈ፦ አሥራ አንድ ደቂቃ።

ወዲያው አጥፍቼ እንዳበራ ነገረኝ። በዚህኛው ዙር ሦስት ደቂቃ እንኳ አልቆየም። ጻፈ። ከዚያ ጠፍቶ ይረፍ አለ፤ እኔም የቤት ሥራዬን ሠራሁ። ካረፈ በኋላ እንደገና አሥራ አንድ። በመሃል ይጠይቀኛል። መጀመሪያ የሚበላሸው ሣሩ ነው ወይስ ሰዎቹ? ከላይ ይጀምራል ወይስ ከታች? ሁሌም ሐምራዊ ነው? ከሰኞ ጀምሮ ያንን ስክሪን አፍጥጬ ሳየው ብቆይም አንዱንም መመለስ አቃተኝ። አይቼው አላውቅም ነበር ማለት ነው። በአራተኛው ዙር ግን ልክ እንደ እሱ ኳሱን ትቼ ምስሉን ማየት ጀመርኩ፤ ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚበላሹት ሰዎቹ እንደሆኑ ያየሁት እኔ ነኝ። ስነግረው ያንንም ጻፈው፣ ከጎኑም ስሜን ጻፈበት።

ሐሙስ ጠዋት፣ ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት፣ ከተማው ገና ቀዝቀዝ እንዳለ ሞከርነው። አሥራ ስድስት ደቂቃ። በምሳ ሰዓት፣ ያ የናዝሬት ፀሐይ ቆርቆሮውን ሲያንቃቃው፣ ዘጠኝ። ማታ ከእራት በፊት አንድ ነገር ብቻ እንለውጥ አለኝና ከጌሙ ማስተካከያ ውስጥ የምስሉን ጥራት ዝቅ አደረግን። ተጫዋቾቹ ጥላ አልባ ሆኑ፣ ፊታቸውም ደበዘዘ፤ ጌሙ ግን ሃያ ደቂቃ ቆየ። አባቴ እርሳሱን አስቀመጠ።

"የሞተ ነገር ሰዓት አያከብርም" አለ። "ይሄ አልሞተም። ሥራ ሲበዛበት ይሞቃል፣ ሲሞቅ ይስታል። ሙቀቱ መውጫ አጥቷል።"

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ትምህርት አልነበረንም። ኮምፒውተሩን ወደ በረንዳው አወጣነው። እናቴ የሰው ዕቃ ነው፣ እንዲያው ብታስቡበት ብላ ነበር፤ አባቴ መፍቻውን ሲያነሳ ግን ንፁህ አንሶላ አምጥታ አነጠፈችለት። ብሎኖቹን በወጡበት ቅደም ተከተል አንሶላው ላይ ደረደራቸው። ጎኑ ሲከፈት ያ ሽታ ወጣ። ውስጡ አቧራ ነው ማለት አይገልጸውም። የወንጂ የሸንኮራ ቃጠሎ ጥላሸት፣ የዓመታት አፈር፣ ሁሉም ተጋግሮ እንደ ብርድ ልብስ ሆኗል። ምስል የሚሠራው ካርድ ላይ የአምስት ሳንቲም ስፋት እንኳ የማትሞላ የምትመስል ትንሽ ማቀዝቀዣ ፋን ነበረች። አባቴ በትንሿ ጣቱ ገፋት። አልዞረችም።

ከዚህ በኋላ ያየሁትን እጅ እስከ ዛሬ አልረሳውም። አባቴ ካርዱን ነቅሎ በጢም ብሩሹ መጥረግ ጀመረ፤ ጥፍጥፉን በስንጥር ጫፍ እየቀረፈ፣ ብረቱን ሳይጭር፣ ትንፋሹን ይዞ። አንድ ጊዜም አልቸኮለም። ትልልቅ ጣቶች ነበሩት፣ ቤት ውስጥ ብርጭቆ ሲያነሳ እናቴ የምትሰጋላቸው። በዚያ ሥራ ላይ ግን የሌላ ሰው ጣት መሰሉኝ። ፋኗን ለማለስለስ ቀጭን ዘይት አስፈለገ፤ ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ ልብስ ሰፊ ናቸውና የስፌት መኪና ዘይት እንድለምን ላከኝ። እትዬ ዘይነባ እንደ ልማዳቸው "አካም ጅርታ?" ብለው በኦሮምኛ ተቀበሉኝ፣ ለምን እንደሆነ ስነግራቸውም ዘይቱን ለእኔ ለመስጠት አላመኑኝም። ነጠላቸውን አጣፍተው ራሳቸው ይዘውት መጡ፣ ሥራውንም ቆመው ሲያዩ ቆዩ። አባቴ የፋኗን ጀርባ ወረቀት ልጦ አንዲት ጠብታ አስገባ፣ በጣቱ አዟዟራት፣ ደግሞ እፍ አለባት። ዞረች። እትዬ ዘይነባ "የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፤ እርስዎ እንኳ አልቸኮሉም" አሉት ለአባቴ፣ ከልባቸው።

ገጣጥመን፣ ወደ ቤት መልሰን አበራነው። ስክሪኑ ጥቁር ነው። ምንም የለም። ፋኗ ትሰማለች፣ መብራቷ ትበራለች፣ ምስል ግን የለም። ደግመን አበራነው፣ ያው ጨለማ። እናቴ በሩ ላይ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች። የአባቴን ፊት አየሁት፣ ቀና ብሎ አላየኝም። መፍቻውን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው። የጨነቀው ስለ አንድ ኮምፒውተር ብቻ አልነበረም። በዚያ ሰዓት "ነግሬህ ነበር" የሚል ነገር ከአፌ ቢወጣ ኖሮ ሰውየው ዳግም ከዚያ ዛፍ ሥር የሚነሳ አይመስለኝም። ልጅ ብሆንም ይህን አወቅሁት። "አባዬ፣ ከመጀመሪያው እንየው?" አልኩት። ሌላ የምለው ስላልነበረኝ ነው።

ወረቀቱን አነሳና ከላይ ጀምሮ የሠራነውን አንድ በአንድ አነበበ። ካርዱን የመለስንበት መስመር ላይ ሲደርስ ቆመ። ጎኑን እንደገና ከፍቶ ካርዱን በአውራ ጣቱ ዳበሰው፤ በአንድ ጫፉ በኩል ገና አልገባም። "እዚህ ላይ ቸኩያለሁ" አለ፣ ለራሱ ጭምር። ነቅሎ፣ አስተካክሎ፣ ቀጥ አድርጎ ተጫነው። ቀጭ የምትል ድምፅ ሁላችንም ሰማን።

በራ። ጌሙን ከፈትኩት። የምስሉን ጥራት ወደ ነበረበት መለስነው፣ ጥላዎቹም ተመለሱ። አሥረኛው ደቂቃ ላይ ሁላችንም ወደ ስክሪኑ ተጠጋን። አሥራ አንደኛዋ መጣች፣ አለፈች። አሥራ ስድስት፣ ሃያ። የእኔ ቡድን በሰፊ ልዩነት እየተመራ ነበር፤ እትዬ ዘይነባ እንኳ ወደ ቤታቸው ያልተመለሱት የውጤቱ ነገር አሳስቧቸው አይደለም። አርባ አምስተኛው ደቂቃ ላይ አባቴ ሰዓቱን ከጠረጴዛው አንስቶ እጁ ላይ አሰረው። እናቴ ወደ ጓዳ ገባች፣ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ስትጠርግ ግን አየኋት።

ያን ቀን ሁለታችን ብቻ ስንቀር ያለፈውን ለማንሳት ሞከርኩ። "አባዬ፣ የዚያን ዕለት ያልኩህ..." ብዬ ጀምሬ መጨረስ አቃተኝ። ብሎን የተረፈ እንዳለ አንሶላውን እያራገፈ ነበር።

"እሱማ ልክ ነህ፣ የሲኒማ ማሽን አይደለም" አለኝ። "ግን ሁለቱም ይሞቃሉ።"

ቅዳሜ ልጆቹ መጡ። ዘጠኝ ልጅ በአንድ ክፍል፣ ሦስቱ አልጋ ላይ፣ ሌሎቹ መሬት ላይ። መብራት እስኪሄድ ድረስ ተጫወትን፤ መብራቱም እንደ ልማዱ ጥሩው ጨዋታ ላይ ሄደ። ከማል ማን እንደሠራው ጠየቀኝ። አባቴ ነው አልኩት። መብራት አጥፊው? አለኝ፣ በክፋት አልነበረም፤ እውነተኛ ስሙ መስሎት ነበር። ጋሽ በቀለ ነው ስሙ፣ አልኩት። የወረቀቱንም ነገር፣ የደቂቃዎቹንም ነገር ለሁሉም ተረኩላቸው። እየተረኩ ሳለ የራሴ ድምፅ እንደ ኮራ ሰው ሆኖ ሲሰማኝ ገረመኝ።

እሁድ አክስቴ ልትወስደው መጥታ ሳትወስደው ሄደች። ለመተሐራዋ ልጅ ሌላ እፈልግላታለሁ አለች፣ ቆይታም ፈልጋ ገዛችላት። እኔን ይበልጥ የነካኝ ግን ሙሉጌታ ነው። በሳምንቱ ወሬውን ሰምቶ መጣ፣ ሞቷል ያለውን ካርድ ሲሠራ አየ፣ ከዚያ የአባቴን ወረቀት ከላይ እስከ ታች አነበበው። ሌላ ሰው ቢሆን ምክንያት ይፈልግ ነበር። እሱ ግን "ጋሽ በቀለ፣ እኔ አልለካሁም፣ ገመትኩ እንጂ" አለ። ሱቁ ውስጥ ተስፋ የቆረጠባቸው አራት አምስት ኮምፒውተሮች እንዳሉ ነግሮት፣ ደስ ካለዎት መጥተው ያዩልኝ ብሎ ለመነው። አባቴ ሰኞ ጠዋት ሸሚዙን ቀይሮ ወጣ። ወጥቶም ለአሥራ ሁለት ዓመት በዚያ ሱቅ ሠራ። እንግሊዝኛውን ሙሉጌታ ያነብለታል፣ እሱ ደግሞ ያያል፣ ይለካል፣ ይጽፋል። ከላንጋኖ ሆቴሎች ሳይቀር ስክሪን የሚያመጡለት ሰዎች ነበሩ።

ዛሬ ሁሉም ነገር ቀሏል። ልጄ በስልኳ የምትጫወተው ጌም ምስሉ ያማረ ነው፤ የሆነ ነገር ሲጎድለው ራሱ ያወርዳል፣ ራሱ ይጭናል፣ ካልሆነም ይጠፋና ሌላ ይመጣል። በመሥሪያ ቤታችንም ስክሪን ከተንቀጠቀጠ ይለወጣል እንጂ ለምን ተንቀጠቀጠ ብሎ የሚቀመጥ የለም። አልወቅስም፤ ወደብ ላይ ያለ ኮንቴይነር ስክሪን እስኪጠገን አይጠብቅም። ግን የዚያ ሳምንት ሦስት ቀን አንዳንዴ ይናፍቀኛል። ከዚያ በፊት ከአባቴ ጋር ያን ያህል ሰዓት ጎን ለጎን ተቀምጬ አላውቅም ነበር። ከዚያም በኋላ፣ አባትና ልጅ እንደሆንን፣ የምንቀመጠው አንድ የተበላሸ ነገር መሃላችን ሲኖር ነው። ሬዲዮ፣ የውኃ ፓምፕ፣ የሠርጌ ዕለት ድምፅ ማጉያ። ብልሽቱ ሲያልቅ ወሬያችንም ያልቅ ነበር። አሁን ደግሞ ብዙ ነገር አይበላሽም፣ ወይም ሲበላሽ ይጣላል፤ እኔም ከሞጆ አዳማ ግማሽ ሰዓት ለማይሞላ መንገድ በበዓል በዓል ብቻ የምሄድ ሰው ሆኛለሁ።

የዚያ ሽታ ማግስት እሁድ ስለነበር ተነስቼ ሄድኩ። አባቴ አርጅቷል፣ ዓይኑም ደክሟል። በረንዳው ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ የእግሬን ድምፅ ሲሰማ ቀና አለ። እጄን አየ፣ ባዶ ነው። ከኋላዬም ምንም ዕቃ የለም።

"ምን ተበላሸ?" አለኝ።

ምንም አልተበላሸም፣ እንዲሁ ነው የመጣሁት አልኩት። እንደማያውቀው ዓይነት ነገር አየኝ። ከዚያ በአንድ እጁ ወንበሩን ተደግፎ ጠጋ አለና ከጎኑ ቦታ ለቀቀልኝ።